ዋስ የሌለው ተጫዋች አይፈርምም

ቤዝቦል የማትወዱ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ማውራቴን ግን አልተውም። እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። ዴንቨር የመጣሁ ሰሞን ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን ሳይ ሰዎቹ ተጣልተው ገላጋይ የሚጠብቁ ይመስሉኝ ነበር። አንዱ ዱላ ይዞ ይቆማል፤ ሌላው ኳስ ጨብጦ ያፈጥበታል፤ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበትነው ማስቲካ ያኝካሉ፣ ይተፋሉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ማንም ማንንም ሳይመታ ሲቀር ቻናሉን ቀየርኩት።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ እንጀራዬ ነው። ዳውንታውን፣ ከስታዲየሙ ሦስት ብሎክ ራቅ ብሎ ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነኝ። የምቀመጥባት ቡዝ ከመጥበቧ የተነሳ ካፖርቴን ለመልበስ ወደ ውጭ መውጣት አለብኝ። የጨዋታ ቀን መኪናው ይጎርፋል፤ በሌላው ቀን ሬዲዮ እሰማለሁ። የማይገባኝን ነገር ዝም ብዬ መስማት ስለማልወድ ቀስ በቀስ የጨዋታውን ሕግ ተማርኩ። ሕግ ካገኘሁ ደግሞ አልለቅም።

ይህ አመል ከየት መጣ ብትሉ፣ ደብረ ብርሃን ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻና ውል ጸሐፊ ነበርኩ። ቤት የሚሸጠው፣ በሬ የሚያከራየው፣ ወንድሙን የሚከሰው፣ ሁሉም መጥቶ በርጩማዬ ላይ ይቀመጥና "እስቲ አንተ ምን ትላለህ?" ይለኝ ነበር። ዴንቨር ከመጣሁ በኋላ ምን ትላለህ ያለኝ ሰው አልነበረም። የሚሉኝ "ሃው መች?" ብቻ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን ፒክአፕ የሚነዳ ሽማግሌ ፈረንጅ መስኮቱን አውርዶ ስለዚያ ቀን ወርዋሪ ምን እንደማስብ ጠየቀኝ። ወርዋሪ ማለት ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ሰው ነው፤ ቡድን የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነው። ያሰብኩትን ነገርኩት። ሰውዬው ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ስድስት መኪና ጡሩንባ እየነፋበት እስክጨርስ ሰማኝና "ጉድ ፖይንት" ብሎኝ ገባ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ቁመቴ ጨምሮ ነው።

ከዚያ ወዲህ አፌን የሚዘጋው ጠፋ። የከተማችን ቡድን ደግሞ በእነዚያ ዓመታት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ መሆኑ ነው፣ ለአስተያየት የተመቸ ነበር፤ ይሸነፋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ሰው ሁሉ ተጫዋቾቹን ይወቅሳል። እኔ የምወቅሰው ውሉን ነው። ጋዜጣ ላይ የእነዚህን ተጫዋቾች ውል ያነበብኩ ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። አንዱን ወርዋሪ ለሰባት ዓመት ይዋዋሉታል፤ ክንዱ ቢዝል፣ ቢሰንፍ፣ ቢወፍር ክፍያው አይቋረጥም። ውል ያፈረሰ የሚቀጣበት ገደብ የለበትም፣ ዋስ የለውም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አህያ ለሦስት ወር ሲከራይ ከዚያ የጠበቀ ውል እጽፍ ነበር።

በተጫዋቾቹ ስብስብ ላይም አቋም አለኝ። ዴንቨሮች ከተማችን ከባሕር ወለል አንድ ማይል ከፍ ትላለች እያሉ ይኩራራሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ አንዴ የተመታ ኳስ ቶሎ አይወርድም፤ ቆላ ያደገ ወርዋሪ እዚህ መጥቶ ኳሱ በአናቱ ላይ ሲበር ሲያይ ይደነግጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወርዋሪ ከደጋ ማምጣት። የደብረ ብርሃን ሰው ዴንቨር ሲመጣ እኮ ቆላ ወረድኩ ነው የሚለው። ይህንን ሐሳብ በሁለት ገጽ ጽፌ ለሚመለከተው ክፍል ልኬያለሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሰማኝ መኪና የሚያቆም መንገደኛ ነው እንጂ የራሴ ሰው አልነበረም። በተለይ ግርማ። ግርማ ከእኛ ሎት፣ ማለትም ከመኪና ማቆሚያችን፣ ማዶ ባለ ሆቴል የቫሌት ኃላፊ ነው፤ የእንግዳ መኪና ተቀብለው ፓርክ የሚያደርጉትን ልጆች የሚያሰማራው እሱ ነው። ስምንት ዓመት የማውቀው ጓደኛዬ ሆኖ ሳለ እኔ አፌን ስከፍት እሱ ሰዓቱን ያያል። ሠርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ስለ ቡድኑ ከጀመርኩ "በቃ፣ ተነሳበት" ይልና ወሬ ያስቀይራል።

አንድ እሑድ ዴንቨር ጥግ ባለችው ኦሮራ የክርስትና ድግስ ላይ ተገናኘን። እኔ ስለዚያ የሰባት ዓመት ውል ገና ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሼ ነበር። ግርማ ሳህኑን አስቀመጠና ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለኝ፦

"ዳር ቆሞ ማውራት ማንም ይችላል። እስቲ ራስህ ቡድን ሥራና አንድ ጨዋታ አሸንፍ። አንድ ብቻ። ካላሸነፍክ ግን ሁለተኛ ስለ ቤዝቦል እንዳትነግረን።"

ሰው ሳቀ። እኔ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ንጹሕ ወረቀት አለ፤ እዚያው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ጻፍኩት። በዚህ ሰመር አንድ ጨዋታ ካላሸነፍኩ፣ በሚመጣው ዓመት የቤዝቦል ወቅት በሙሉ ስለ ማንኛውም ቡድን ተጫዋች፣ ውልና ዝውውር በአንደበት፣ በጽሑፍ፣ በስልክ ወይም በጥቅሻ አስተያየት አልሰጥም። ካሸነፍኩ ደግሞ ግርማ ተቀምጦ አስተያየቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ፣ ሳያዛጋና ሰዓቱን ሳያይ ይሰማል። ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው። እነዚህ ቁጥሮች ኮሎራዶ ውስጥ እንደማይሠሩ አውቃለሁ፤ ግን ያለ እነሱ የተጻፈ ውል ለእኔ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ለዝምታዬ ዋስ ማን ይሁን ሲባል ባለቤቴ ከማንም ቀድማ እጇን አወጣች። ስትፈርም ፊቷ ላይ ያየሁትን ተስፋ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ አይቼው አላውቅም።

የፈረምኩት ምን እንደሆነ የገባኝ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ሰው መስኮቱን አውርዶ ምን ትላለህ ሲለኝ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ትኬቱን ሰጥቼ ዝም ማለት ነው። ተመልሼ "ሃው መች" የሚባል ሰው ልሆን ነው። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው።

ዳውንታውን የሚሠሩ ሰዎች ሰመር ላይ የሚጫወቱት ሶፍትቦል የሚባል የቤዝቦል ታናሽ ወንድም አለ። ኳሱ ትልቅ ነው፤ ወርዋሪው ከሥር ወደ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ይወረውራል፤ ሕጉ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። ኳሱን በዱላ መትተህ፣ ሦስት ቤዝ በየተራ ረግጠህ፣ ሆም ወደሚሉት መነሻህ ስትመለስ አንድ ነጥብ ይቆጠርልሃል። መንገድ ላይ ኳስ የያዘ ሰው ከነካህ አውት ነህ፤ ሦስት አውት ሲሞላ ተራው ለሌላው ያልፋል። የሆቴል ኩሽናውም፣ ጥበቃውም፣ ጽዳቱም የየራሱ ቡድን አለው። የቫሌቶቹ አለቃ ግርማ ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሮራ፣ ከሃቫና መንገድ ገባ ብሎ ባለ ፓርክ ውስጥ ነው። እኔም ከየሎቱ ትኬት ቆራጮችን ሰብስቤ ቡድን አቋቋምኩ።

ዱላና ጓንት ከመግዛታችን በፊት ውል አስፈረምኩ። ለአንድ ተጫዋች ሁለት ገጽ። ዋስ የሌለው ተጫዋች አይፈርምም አልኩ። ቡድናችን ደመወዝ የማይከፍል ነውና አንዳንዶቹ ዋሱ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ቢሆንም እህል የበላ ሰው ዋስ አያጣምና ሁሉም ይዞ መጣ። በዋስትናው አንቀጽ ላይ ሦስት ቀን ደክሜበታለሁ። "ተጫዋቹ በማናቸውም ምክንያት ያልተገኘ እንደሆነ ዋሱ በቦታው ተተክቶ ይጫወታል" ይላል። ዋስ ማለት ድሮስ ይኸው አይደል? ሰውየው ሲጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው። የከተማችን ቡድን ይህች አንድ መስመር ብትኖረው የት በደረሰ ነበር እያልኩ ደጋግሜ አነበብኳት።

የምመካበት ተጫዋች ዮናስ ነበር። ጠዋት ሎት ውስጥ፣ ከሰዓት ኮሜርስ ሲቲ ያለ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሲሮጥ አይያዝም። ዋስ አምጣ ስለው የሚስቱን እናት እትዬ ጥሩወርቅን ይዞ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን የሚንከባከቡ ሴት ናቸው። ኦሮራ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አዲስ ገብቶ ማረፊያ ያጣ ሰው የሚያርፈው እሳቸው ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ነውና። ከእኛ ሎትና ከግርማ ቫሌቶች መካከል እዚያ ቤዝመንት ያልተኛ ማግኘት ይከብዳል። ግርማ ራሱ አራት ወር ተኝቷል። እትዬ ውሉን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና ፈረሙ።

ከዚያ መሸነፍ ጀመርን። በመጀመሪያው ጨዋታ ዳዊት የሚባለው መቺያችን ኳሷን አርቆ መታትና ቆሞ ያደንቃት ጀመር። ሩጥ ስንለው "ቆይ፣ የት እንደምታርፍ ልይ" አለን። በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ተጫዋቾቼ ከሰማይ የምትወርደዋን ኳስ "ያዛት"፣ "አረ አንተ ያዛት" ሲባባሉ መካከላቸው ወደቀች። በአራተኛው ጨዋታ ዳኛው በደለን ብዬ ይግባኝ ጻፍኩለት። ዳኛው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ወረቀት አያስደነግጠውም። አመስግኖ ተቀበለኝና ኋላ አንገቱን ሲያራግብበት አየሁት።

ዘጠኝ ጨዋታ ተሸነፍን። ባለቤቴ በየቅዳሜው ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ትመጣና ከተጋጣሚዎቻችን ወገን ትቀመጣለች። እዚያ ጥላ አለ ትላለች። ከየጨዋታው በኋላ ሰኞ ሰኞ ግርማ ወደ ቡዜ ብቅ ይልና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያሳየኛል። የቀረን አንድ ጨዋታ ነበር፤ እሱም ከግርማ ቡድን ጋር።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ላይ ስንቆጠር ስምንት ነን። ዘጠኝ ካልሞላን ጨዋታው ሳይደረግ ለግርማ ይሰጣል። የጎደለው ዮናስ ነው። መጋዘኑ ኦቨርታይም ይዞታል፤ ስልኩን አያነሳም። ግርማ ከማዶ ሆኖ ሰዓቱን ሲያይ ታየኝ፤ ይህን ጊዜ እንኳ ሰዓቱን ያያል። ታጣፊ ስልኬን አውጥቼ እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ደወልኩ። የደወልኩት ለማማረር ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም። አማችዎ ጉድ ሠራኝ አልኳቸው።

"ውሉ ምን ይላል?" አሉኝ።

"እሱን ይተዉት እትዬ፣ እሱ ለወጉ ያህል የተጻፈ ነው።"

"እኔ ለወጉ ያህል አልፈረምኩም። ሺፍቴ አሁን አለቀ፤ መጣሁ።"

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሚኒቫናቸውን ፓርክ አድርገው ወረዱ። አበባ አበባ ያለበት የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ግርማ ይህ አይሆንም ብሎ ወደ ዳኛው ሮጠ። ዳኛው ደንቡን ገልጦ አየ፤ ዕድሜ የሚከለክል ነገር የለም፣ ስማቸውም ባስገባሁለት የቡድን ዝርዝር ላይ በዋስነት ሰፍሯል። ግርማ ሲከራከር ቆይቶ ዘወር ሲል የራሱ ቡድን በሙሉ ተሰልፎ እትዬን እየሳመ ነው። ዳኛው የሐዘን ሥነ ሥርዓት መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። ጨዋታው በሰላምታው ምክንያት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ።

እሳቸውን ሜዳው ቀኝ ጥግ ላይ አቆምኳቸው፤ ኳስ እምብዛም የማይመጣበት ቦታ ነው። ምን ላድርግ አሉኝ። ኳስ ከመጣ ያንሱና ለዳዊት ይወርውሩለት አልኳቸው። ካልመጣስ ሲሉኝ ዝም ብለው ይቁሙ አልኩ። ቆሙ። ኳስ ግን አልመጣም። የቫሌት ልጆች በየተራ እየገቡ ሲመቱ ሁሉም ወደ ግራ ነው። መጀመሪያ ዕድል መሰለኝ። ኋላ ነገሩ ገባኝ፤ እትዬ ወደቆሙበት ወገን ኳስ ለመምታት የሚደፍር የለም። ግርማ ወደ ቀኝ ምቱ እያለ ጮኸ። አንደኛው ዞር ብሎ "አንተ ምታ" አለው። የግርማ ተራ ደርሶ ሲገባ እሱም ወደ ግራ መታ።

እንግዲህ አስቡት። ተጋጣሚያችን ግማሽ ሜዳ ተዘጋበት፤ እኔ የቀሩትን ሰዎቼን በሙሉ በግራ በኩል ከመርኩ። በዚያ ሰመር ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ መያዝ ቻልን። በሰባት ዓመት ውል የማይገኝ ተከላካይ በአንድ ዋስትና አገኘሁ።

የእኛ ተራ ሲደርስ ሌላ ጉድ። የእነሱ ወርዋሪ ሳሚ ይባላል፤ ክንዱ ጥሩ ነው፣ አስተዳደጉ ደግሞ ይበልጣል። እትዬ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ፊቱ ሲቆሙ በሐፍረት ቀላ። ኳሱን ወደ እሳቸው መወርወር አቃተው። አንዱን በስተግራ አሳለፈ፣ አንዱን በስተቀኝ። ወርዋሪ አራት ጊዜ ከሳተ መቺው ያለ ምንም ድካም ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል። እትዬ በየተራቸው ዱላውን አስቀምጠው፣ ሳሚን "ተባረክ" ብለው፣ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሌሎቻችን አውት እየሆንን እሳቸው እዚያው ይቀራሉ።

መጨረሻው ዙር ላይ ስድስት ለስድስት ነን። የምንመታው እኛ ነን፤ ሁለት አውት ሆኖብናል፣ አንድ ቀርቷል። ሜዳውን የሚጠብቁ ሌሎች ቡድኖች ስላሉ ተጨማሪ ዙር የለም። እኩል መውጣት ደግሞ አይጠቅመኝም። ውሉ ማሸነፍ ነው የሚለው፤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የተባለው ለእኔ ነው።

ተራው የእትዬ ሆነ። ግርማ ሳሚ ጋ ሄዶ ዝም ብለህ ወርውር ብሎ ተቆጣው። ሳሚ "አምስት ወር እንጀራቸውን በልቻለሁ" አለው። የመጨረሻዋ ኳስ በእትዬ ጀርባ በኩል አለፈች። እሳቸው መጀመሪያው ቤዝ ላይ ቆሙ፣ ዳዊትም ዱላውን ይዞ ገባ። ምታና ሩጥ፣ እንዳታደንቃት ብዬ ለመንኩት። መታት። የዴንቨር ስስ አየር ያን ቀን ለእኛ ሠራ፤ ኳሷ የሁሉንም አናት አልፋ አጥሩ ሥር ተንከባለለች።

ዳዊት እንደ ጥይት ሄደ፤ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሲደርስ ግን ከፊቱ እትዬ አሉ። እየተራመዱ ነው። ሕጉ ከፊትህ ያለውን ሯጭ አትለፍ ይላል፤ ሕጉ ባይልም ዳዊት አያልፍም ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይከተላቸው ጀመር። "እትዬ፣ ይሩጡ" አልኩ። እየሄድኩ ነው አሉኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ሲሄድ አየዋለሁ ግን አላልኩም። ኳሷን ከአጥሩ ሥር አንስተው ወደ ሦስተኛው ቤዝ ወረወሯት። እዚያ ያለው ልጅ ያዛት። እትዬ አምስት እርምጃ ይቀራቸዋል፤ እጁን ዘርግቶ መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ልጁ እትዬን አያቸው፣ ኳሷን አያት፣ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዘወር አለላቸው። አልፈውት ከሄዱ በኋላ ነው ነቅቶ ኳሷን ሆም ላይ ለቆመው ለግርማ የወረወራት። "አንተ ንካቸው" አለው።

እኔ ቤዙ ላይ ይቁሙ እያልኩ እጮሃለሁ። ግርማ ኳሷን በጓንቱ ይዞ መንገዱን ዘግቷል፤ ወደ እሱ መሄድ ወደ አውት መሄድ ነው። እትዬ ዞር ሳይሉ "ይሄ ጉልበት አንዴ ከቆመ አይነሳልኝም" አሉና ቀጠሉ። የሚመጣው ዓመት ዝምታዬ ፊት ለፊቴ ታየኝ።

ደረሱ። ግርማ ጓንቱን ከፍ አደረገ።

"ግርማ፣ እንዴት ነህ ልጄ? እናትህ ተሻላቸው?"

ያን ጊዜ የግርማ ፊት ላይ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። እጁ ወደፊት ሊሄድ ፈልጎ ቀረ። እንግዲህ አስቡት፣ አራት ወር ያስጠጉት ሴት እጃቸውን ዘርግተውለት ቆመዋል፤ በጓንት ሰላም አይባል ነገር። ኮፍያውን አወለቀ። ጓንቱን ከነኳሷ አወለቀና ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በሁለት እጁ እጃቸውን ይዞ አንገቱን ደፋ። ተሽሏቸዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እትዬ እጁን ሳይለቁ እየተራመዱ የእናቱን ጉልበት፣ የወንድሙን ሥራ ጠየቁት። እሱም ጎን ለጎን እየሄደ ሁሉንም መለሰ። እህትህስ ወለደች ወይ አሉት። ወንድ ወልዳለች አላቸው። "እሰይ" አሉና በዚያው ሆምን ረገጡ።

ዳኛው ሁለት እጁን ዘረጋ። "ሴፍ" አለ፤ በሰላም ገብተዋል፣ ነጥቡ ይቆጠራል ማለት ነው።

ከዚያ ስምንት ትኬት ቆራጮች እንደ ሕፃን ሜዳው ላይ ተንከባለልን። አልቅሻለሁ፤ አልደብቅም። በዘጠኝ ሽንፈት የታፈነ እንባ ነው። የቫሌት ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ግርማ ግን የእትዬን እጅ እንደያዘ አንዴ እግራቸውን፣ አንዴ ሣሩ ላይ ያለውን ጓንት ያያል። አታለሉኝ እኮ እትዬ አላቸው፣ በለሆሳስ።

"እኔ ስለ እናትህ ጠየቅኩ እንጂ ኳሱን አስቀምጥ አላልኩህም" አሉት።

ባለቤቴ ወንበሯን አጣጥፋ "ለሚመጣውም ዓመት ተፈረደብኝ" እያለች መጣች። እየሳቀች ነበር። እስከ ዛሬ አንዳንድ ሰው ያን ድል ዕድል ነው ይለዋል። ዕድል አይደለም። የተጫዋች ስብስብና የውል አጻጻፍ ውጤት ነው። አንድ ቡድን የመሠረተ ሰው ተጋጣሚው ማንን መንካት እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ እኔ አስቀድሜ አላወቅኩም እንጂ አውቄ ቢሆን ኖሮም ከዚያ የተሻለ አልሠራም ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግርማ ቤት ውል ለማስፈጸም ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ለሚስቱ ሰጥቷታል፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ጀመርኩ። ወርዋሪዎቹን ዘረዘርኩ፣ ስለ ገደብ ተናገርኩ፣ ደጋና ቆላውን አስረዳሁ። ግርማ አፉን ዘግቶ ራሱን ይነቀንቃል። አላቋረጠም፣ አላዛጋም። ለአንድ ሰዓት ያህል ስምንት ዓመት የጠበቅኩትን ነገር አገኘሁ፤ እና ልንገራችሁ፣ አልጣመኝም። በውል የሚሰማ ሰው ፊት ማውራት ግድግዳ ፊት ከማውራት አይሻልም። እሱ ሲነቀንቅ እኔ እየቀዘቀዝኩ መጣሁ። መናገር ካሰብኩት ገና ግማሹን ሳልደርስ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁና ውሉ ተፈጽሟል ብዬ ፈረምኩለት። ነፃ ነህ አልኩት። ተቀበለኝና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ልሂድ ብዬ ቁልፌን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

"ቆይ እንጂ" አለኝ። "ያ የከተማችን ቡድን ሁለተኛ ቤዝ ላይ ያለው ልጅ ውሉ ዘንድሮ ያልቃል አይደል? እኔ አስፈርመው ነበር። አንተ ምን ትላለህ?"

ቁልፉን መልሼ አስቀመጥኩ። ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።